ማርሚታዬ ሲሰረጎድ ያደረግሁት፣ ባላደረግሁትም የምለው

ስርጉድ ጉንጭ ላይ ሲሆን ይዘፈንለታል። የሞተር ሳይክል ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ላይ ሲሆን ግን ጉልበት ይበላል፣ ኪስም ይበላል።

የኔው የመጣው መርዓዊ ስሄድ ነው። እናቴ እዚያ ነው የምትኖረው፤ እኔ ባሕር ዳር ስለሆንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ። የዚያን ቀን ከአስፋልቱ ወጣሁና በቆጋ መስኖ ቦዮች ዳር ያለውን የጠጠር መንገድ ያዝኩ። አቋራጭ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው። አንድ ቦታ ላይ ውሃ ከቦዩ ሞልቶ ፈስሶ መንገዱን አጨቅይቶታል። ቀስ ብዬ ገባሁ፤ የፊት ጎማው አዳለጠው፤ ሞተሩ በጎኑ ተኛ። እኔ ሱሪዬ ከመጨማለቁ በቀር ደህና ነበርኩ። የማርሚታው ሆድ ግን ያረፈው ልክ እንደ ጉልቻ በቆመ ድንጋይ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ ሳጥበው አየሁት። ግማሽ እንቁላል ብታስቀምጡበት ልክክ ብሎ የሚቀመጥበት ጉድጓድ። እውነት ለመናገር እንቁላል አምጥቼ ለክቼዋለሁ። ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ሞተሩ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠልበት ዓይነት። አሮጌ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ ከተሸጡት መሃል የወጣ። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ የዘይት ፓምፑን ነቅሎ ዘይቱን በቀጥታ ቤንዚኑ ላይ ይደባልቅ ነበር፤ ልኩንም በዓይን ግምት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከወደቅኩ በኋላ ሞተሩ ቀስ ሲል ደህና ነው። ጋዝ ስትሰጡት ግን አንድ ቦታ ላይ ደርሶ አፍንጫውን እንደያዙት ሰው ይታፈናል። ካንዴላ ቀየርኩ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ምንም የለም። ከዚያ ነው ጣቴ ወደ ስርጉዱ የተቀሰረው።

ጎረቤቴ በያጅ ነው። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን ጋሼ ነው የምለው። ማርሚታውን ተሸክሜ ስሄድ አገላብጦ አየና፣ «እምቢልታ ሲነፋ አይተሃል?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አይቻለሁ።»

«እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የራሱን ድምፅ ነው። ድምፁን የሚሰጠው ርዝመቱና ሆዱ ነው። ይኼም እንደዛው ነው ልጄ። አንተ ሆዱን ረገጥከው፣ ድምፁን አጠፋኸው።»

የዚያን ጊዜ ያጋነነ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር እንደ ፎር ስትሮክ ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን ላይ ቫልቭ የለውም። ጭሱ የሚወጣውም፣ አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚገባውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ መስኮቶች ነው። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም አብረው ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ አዲሱ ቤንዚን ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። የሚመልሰው ማርሚታው ነው። ጭሱ ሲወጣ የግፊት ሞገድ ይነሳል። ማርሚታው እየሰፋ በሚሄድበት በኩል ያ ሞገድ ወደ ኋላ መሳብን ይፈጥራል፤ ሲሊንደሩን ጠርጎ ያጸዳል። እየጠበበ ወደሚሄድበት ሲደርስ ደግሞ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና የሾለከውን ድብልቅ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ገፍቶ ያስገባዋል። ሆድ ያለው ቅርጹ ለጌጥ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ነገር በትክክል አስልቶ ውድድር ላይ ያዋለው ዋልተር ካደን የተባለ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ነው፤ የኤም ዜድ ሞተሮች ሠሪ። የእሱን ሞተር እየነዳ ይወዳደር የነበረው ኧርንስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ምዕራብ ኮበለለና እውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ገባ። በዓመቱ ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ነጂውም ራሱ ዴግነር። አንድ የብረት ሆድ ቅርጽ የስንት ሰው ዕጣ እንደቀየረ እዩልኝ።

እዚህ ላይ የቦክሰርና የቲቪኤስ ባለቤቶችን ላሳርፋችሁ። የናንተ ሞተር ፎር ስትሮክ ነው። ማርሚታው ላይ ትንሽ ስርጉድ ቢኖር ሞተሩ አያውቀውም ማለት ይቻላል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ቀጭኑ ቱቦ አንዳንዱ ላይ ድርብ ግድግዳ አለው፤ የሰረጎደው የውጭው ልብስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኋላ ያለው ወፍራሙ ክፍል ውስጥ ደግሞ ክፍልፋይና የተበሳሳ ቱቦ ስላለ ከውስጥ ልትገፉት አትችሉም። በዚያ ላይ ክሮም ነው፤ እሳት ሲነካው ሰማያዊ ይሆንና ይላላጣል። ቱቦው ሲሶውን ያህል ካልጠበበ ተዉት። ለማማር ከሆነ ባትላሜራ ቤት ውሰዱት።

ቱ ስትሮክ ያላችሁ ግን አብረን እንቀጥል።

መጀመሪያ ያሰብኩት አዲስ መግዛት ነበር። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ሶማሌ ተራ ጠየቀልኝ። ያገኘው ያገለገለ ነው፤ ዋጋው ለሞተሩ ሁሉ የተጠየቀ መስሎኝ ደግሜ አስጠራሁት። እሱም በሌላ በኩል የተሰረጎደ ነበር።

ስለዚህ በረዶ። ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ያህል ይነፋል። የቢራ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ትምህርት አያስፈልገውም። ማርሚታውን ውሃ ሞልቶ፣ ሁለቱን አፍ ደፍኖ ማቀዝቀዝ፤ በረዶው ስርጉዱን ከውስጥ ገፍቶ ያወጣዋል። ሲያወሩት እንዴት ደስ ይላል! እህቴ ለስላሳ የምታቀዘቅዝበት ትልቅ ፍሪዘር አላት። ለምኜ አስገባሁት። ሁለቱን አፍ በባሕር ዛፍ ቡሽ ደፍኜ፣ በሽቦ ጠፍሬ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ስልክ ተደወለልኝ። የእህቴ ድምፅ ከወትሮው ቀዝቃዛ ነበር። አንደኛው ቡሽ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ፣ በሱ በኩል ጥቁር በረዶ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ፍሪዘሩ በሙሉ የተቃጠለ ዘይት ሸትቷል። ስርጉዱስ? ትንሽ ንቅንቅ ብሏል። የማርሚታው ስፌት ግን አመልካች ጣት በምታህል ርዝመት ተሰንጥቋል።

ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። በረዶ ስርጉዱ የት እንዳለ አያውቅም። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይገፋል፤ የሚሸነፈው ደካማው ቦታ ነው። አሮጌ ማርሚታ ላይ ደካማው ስርጉዱ አይደለም። ብረቱ ሲመታ ታጥፎ ጠንክሯል። ደካማው ዝገት የበላው ስፌት ነው። አዲስ፣ ያልዛገ ማርሚታ ላይ የተሳካላቸው ይኖራሉ። እኔ ግን ለማንም አልመክርም፤ የእህቴም ፍሪዘር አይመክርም።

ጋሼ ሳቀና ስንጥቁን ሊበይደው ተቀመጠ። ገና እሳቱን ሲያስጠጋው ከውስጥ ጥቁር ጭስ ተግ አለ፣ ቀጥሎም ነበልባል በአፉ ወጣ። ወዲያው አጠፋው። «ልጄ፣ ይኼ ውስጡ ኩራዝ ነው። አጥበህ አምጣ» አለኝ።

ያ ማጠብ ነው ከሁሉም የጠቀመኝ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ይህቺን ውሰዱ።

ኮስቲክ ሶዳ ገዛሁ፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። ለ 5 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ። ሶዳውን ወደ ውሃው ቀስ በቀስ ትጨምራላችሁ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳታፈሱ፤ ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ሳይፈላም በራሱ ይሞቃል፣ አትደንግጡ። ወፍራም የጎማ ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለውም። ቢነካችሁ ለረጅም ጊዜ በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ ዓይን ከሆነ ደግሞ እየታጠባችሁ ወደ ሐኪም። አልሙኒየም ነገር አታስነኩት፤ ይበላዋል። የብረት ማርሚታ ግን አይነካውም። አንዱን አፍ ደፍኜ ሞላሁትና ልጆች የማይደርሱበት ጓሮ አቁሜው አደርኩ።

ጠዋት ስደፋው የወጣው ነገር የጠላ አተላ ይመስላል፤ የጠቆረ፣ የወፈረ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ የኋላውን የድምፅ መቀነሻ ቱቦ ፈትቼ ሳይ ውስጡ በጥላሸት ተደፍኖ የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ነበር የቀረው። የሰውዬው የዓይን ግምት! ስንት ዓመት ዘይት ሲያበዛበት ኖሯል። (አተላውን በጀሪካን አጠራቀምኩት እንጂ ቦይ ውስጥ አልደፋሁትም። የሰፈራችን ቦይ ዞሮ ዞሮ ጣና ነው የሚገባው።)

ጋሼ ስንጥቁን በየደልኝ፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ስርጉዱ እንዳለ በዛዊት ዳገት ሄድኩ። ሞተር ስፈትሽ ሁሌም እዚያ ነው። ከመታጠቡ በፊት ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነበር የሚወጣው። አሁን እስከ ግማሹ በሦስተኛ ሄደ። ማለትም በስርጉዱ ካሳበብኩት ችግር ግማሹ የጥላሸቱ ነበር። ስለዚህ እሳት ከማንሳታችሁ በፊት እጠቡ፣ ንዱት፣ ከዚያ ወስኑ። ምናልባት እዚያው ላይ ታበቁ ይሆናል።

እኔ አላበቃሁም። ግማሹ ዳገት ቀርቷል።

የሚሠራው ዘዴ እሳትና አየር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማርሚታውን ሁለቱንም አፍ ዝጉ፣ ውስጡን ትንሽ አየር ንፉ፣ ስርጉዱን አግሉት። የጋለው ብረት ይለሰልሳል፤ ያልጋለው እንደጠነከረ ይቆያል፤ አየሩ የሚያሸንፈው የለሰለሰውን ብቻ ነው። በረዶ የማያውቀውን ቦታ እሳቱ ያመለክትለታል ማለት ነው።

የሞተር በኩሉን አፍ በ 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ደፈንኩ። ማሰሪያው ባለበት ቦታ በስቼ፣ በመሃል ጓርኒሲዮን አድርጌ በቡሎን አጠበቅኩት። የኋላውን አፍ ደግሞ ከጎማ በተቀረጸ ቡሽ። ላሜራው ላይ ጎሚስታ ቤት ያገኘሁትን የጎማ ቫልቭ አስገባሁ። ከዚያ በሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሬ በትንሹ ነፋሁት፤ ጎሚስታ ቀዳዳ እንደሚፈልገው። አረፋ የወጣበትን እያጠበቅኩ። ይህን ሳታደርጉ እሳት አታንሱ፤ የሚያፈስ ማርሚታ ላይ ስትነፉና ስታግሉ ውላችሁ ምንም አታገኙም።

አሁን የአየሩ መጠን። እዚህ ጋ ሰው ይሞታል፣ ስለዚህ ቀስ እንበል።

የተጠቀምኩት የእግር መንፊያ ነው፤ ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ ያለው። የነፋሁት 1.5 ባር ብቻ ነው፣ 22 ፒኤስአይ ገደማ። የሞተር ጎማ ውስጥ የምናስገባውን ያህል። አይበቃም ይመስላል። ግን አስሉት፦ ስርጉዱ 6 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው ስፋቱ 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በ 1.5 ባር እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ግፊት አለ። ሲደመር ከ 40 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ልጅ ከውስጥ ሆኖ በእግሩ እየገፋላችሁ እንደማለት ነው። ለለሰለሰ ስስ ብረት ከበቂ በላይ ነው።

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን 8 ባር ይሰጣል። የኋላው ቡሽ ትንሽ ነው፣ ወርዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። በ 8 ባር እሱ ብቻ 40 ኪሎ ይሸከማል፤ ሲያመልጥ እንደ ጥይት ነው። የዛገ ስፌትም ካለ ማርሚታው ራሱ ይፈነዳል። በዚያ ላይ እሳቱ አየሩን ስለሚያሞቀው ግፊቱ ይጨምራል፤ ዓይናችሁ ከጌጁ አይራቅ። እኔ የጎማ ቡሹን ሆን ብዬ በጣም አላጠበቅኩትም፤ ግፊቱ ከበዛ መጀመሪያ እሱ እንዲያመልጥ። አፉንም ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙሬ በዚያ በኩል ማንም እንዳይቆም አደረግሁ። የሰፈር ልጆች ለማየት ተሰብስበው ነበር፤ በጋሼ ቁጣ ተበተኑ።

ሌላው ቤንዚን ነው። ማርሚታውን በቤንዚን አጥበው እሳት ላይ የሚያስጠጉ አሉ። የተዘጋ ዕቃ፣ የቤንዚን ትነት፣ አየርና እሳት፤ ይህ ቦንብ ነው። ሶዳ፣ ከዚያ ብዙ ውሃ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ማድረቅ። በቃ። በዚሁ ዘዴ የቤንዚን ታንከሩን ስርጉድ ላወጣ ያለ ጓደኛም ነበረኝ። ታንከር ባዶ ነው ቢባል፣ ታጥቧል ቢባል እሳት አይቀርበውም። ታንከር ተዉት ይሰርጎድ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ብቻዬን ነው፤ ጣራ ላይ የሬንጅ ሽፋን የሚያጣብቁ ልጆች በሚጠቀሙበት የጋዝ ችቦ። አጋለ፣ አዎ። ግን እሳቱ ሰፊ ነው። ስርጉዱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም አቀላው። ስርጉዱ ብቅ ማለት ሲጀምር ከጎኑ ያለው ደህናው ብረት እንደ ብጉንጅ አበጠ። ወዲያው አየሩን ለቀቅኩት። ያ ብጉንጅ እስከዛሬ አለ።

በማግስቱ ለጋሼ እውነቱን ነገርኩት።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

«አሁን አስቸገርከኝ» አለና የኦክስጅን ብየዳውን አዘጋጀ።

እሱ የሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስርጉዱ አካባቢ ያለውን ቀለም በብረት ብሩሽ ጠርጎ አነሳ። ከዚያ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ደህናውን ብረት ዙሪያውን ጠመጠመ፤ እንዳይግል። ጊዜውን አመሻሽ 12 ሰዓት አደረገው። ለምን ብዬ ጠየቅኩ፤ «ቀን ላይ ብረቱ መቅላቱን አታየውም፣ ፀሐዩ ይሸፍንብሃል፤ ስታየው ቀልጧል» አለኝ። እውነቱን ነው። ድንግዝግዝ ሲል ብረቱ ሲቀላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምትፈልጉት ቀለም የተዳፈነ ፍም ዓይነት ነው፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ። ብርቱካንማ ከሆነ አልፏል፤ ብረቱ ስስ ስለሆነ ሊበሳም ሊያብጥም ይችላል።

እሳቱን ደግሞ የጀመረው ከመሃል አይደለም። እኔ መሃሉን ነበር ያገላሁት። እሱ ከስርጉዱ ጠርዝ፣ ብረቱ ከታጠፈበት ከንፈር ጀምሮ እየዞረ፣ እየዞረ ወደ መሃል ገባ። ስርጉዱን ይዞት ያለው ያ ከንፈር ነው፤ እሱ ሳይለቅ መሃሉን ብታግሉት መሃሉ ብቻ እንደ እምብርት ይወጣል። ሁለት ዙር ዞረ። ሦስተኛው ላይ ብረቱ ሳይቸኩል፣ ልክ እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን እንደሚያወጣ፣ እያየነው ተነሳ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። እኔ «ወጣ! ወጣ!» ስል እሱ እሳቱን ቀድሞ አንስቷል። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚነሳው፤ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ ይሄዳልና።

በመሃል ጌጁ ወደ 1 ባር ወርዶ ነበር። ስርጉዱ ሲወጣ ውስጡ ይሰፋል፣ ትንሽም ያፈሳል። ተጨማሪ መንፋት ካስፈለገ እሳቱን አርቃችሁ ንፉ። ውሃም አትድፉበት፤ በራሱ ይብረድ።

የቀረው አንድ እጥፋት ነበር፣ የጥፍር ጭረት የመሰለ። እሱን በመጎተት ነው ያወጣነው። ሮንዴላ በጠርዙ አቁሞ እጥፋቱ ላይ መበየድ፣ በቀዳዳው መንጠቆ ማስገባት፣ መንጠቆው ያለበትን ፌሮ በሚንሸራተት ከባድ ብረት ወደ ኋላ መምታት። ጠቅ ጠቅ እያደረጉ፣ በአንድ ጊዜ አይደለም። ከዚያ ሮንዴላውን በግራይንደር ቆርጦ ማለስለስ። እኔ አንዷን ልበይድ ብዬ በስቼዋለሁ። ብረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጭን ኤሌክትሮድና ዝቅተኛ አምፔር ካልሆነ ወዲያው ነው የሚበሳው። ጋሼ ምንም ሳይናገር ደፈነው። ዝም ማለቱ ከቁጣው የባሰ ነበር።

ማርሚታችሁ ክሮም ወይም ዚንክ የተቀባ ከሆነ ሽፋኑን ሳትፍቁ አታግሉት፣ አትበይዱትም። ጭሱ መርዝ ነው። ዚንክ የተቀባ ብረት በይዶ ማታውን ሲንቀጠቀጥ፣ ወባ ነው ብሎ ክሊኒክ የሄደ በያጅ አውቃለሁ።

ስለ ኩሽኔታ ኳስ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ ይሠራል። ከቱቦው ውስጥ በጥቂቱ የሚያንስ የብረት ኳስ ግራሶ ቀብቶ በፌሮ እየመቱ ማሳለፍ ነው። የአማቼ ልጅ በሞተሩ ቱቦ ላይ ሞክሮ ስርጉዱን በደንብ አወጣ፤ ኳሱ ግን አልፎ ሄዶ ኩርባው ላይ ተቀረቀረ። ቱቦውን ቆርጠው ነው ያወጡት። ኩርባ ካለበት ኳሱ ላይ መጀመሪያ ሽቦ በይዱበት፣ የሚጎተትበት ነገር ይኑረው።

ማርሚታውን ገጥሜ ስቀሰቅሰው ድምፁ ተለውጧል። ቀድሞ የታፈነ ነበር፣ አሁን ጥርት ብሏል። በዛዊት በሦስተኛ ማርሽ እስከ ላይ ወጣ። ጫፍ ላይ ሆኜ ዓባይን እያየሁ ለጋሼ ደወልኩ። «ደግ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ቀለሙ አልሆነልኝም። ተራ ቀለም ቀባሁት፣ በሳምንቱ ተቃጥሎ እንደ እባብ ቆዳ ተላጠ። ሙቀት የሚችለውን ግዙ። ብረቱን በደንብ ፍቃችሁ፣ ሁለት ስስ ሽፋን ቀብታችሁ፣ መጀመሪያ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አስነስታችሁ አጥፉ፤ ሲበርድ ደግማችሁ። ቀለሙ በዚያ ነው የሚጠነክረው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየማታው ስፌቱንና የበየድነውን ቦታ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ስንጥቅ ካለ ቱ ስትሮክ አይዋሽም፤ ጥቁር ዘይት ያለቅሳል። ጨርቁ ንጹሕ ነበር። ዘይቱንም አሁን በመለኪያ ነው የምጨምረው። አንዲት ትንሽ ስርጉድ ከሞተሩ በኩል፣ ማሰሪያው አጠገብ ቀርታለች። እሷን ደግሞ እናውጣት ወይ ብዬ ጋሼን ጠይቄው ነበር። ማርሚታውን ሳይሆን እኔን አየና፣ «እሷን ተዋት፣ ትታይህ» አለኝ።